የዩክሬን ዘጋቢ ፊልሞች ሠዓሊውን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መንደሩን ለምን አይለያዩም?

የቀረበው ጥያቄ፦ «የዩክሬን ዘጋቢ ፊልሞችን ማየት ከጀመርሁ ሰነባብቻለሁ። ስለ ሠዓሊ ይሆናል ብዬ የከፈትሁት ስለ መንደር ሆኖ ይገኛል፤ ስለ መንደር ነው ያልሁት ደግሞ ጸሎት ላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ተራኪ የላቸውም። በዓሉ የምን በዓል እንደሆነ፣ ሰዎቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ይህ አሠራር ከምን የመጣ ነው? ከየትኞቹስ ብጀምር ይሻላል?»

ምላሽ፦

ሁለቱ ጥያቄዎችዎ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። በዩክሬን ካሜራ ወደ መንደርና ወደ ቤተ ክርስቲያን በብዛት የገባው በሶቪየት መንግሥት ዘመን ነው፤ የገባውም ሊመሰክር ሳይሆን ሊፈርድ ነበር። ኋላ የመጡት የፊልም ሰዎች ተራኪውን አስወጥተው እጅን፣ ፊትንና ድምፅን ብቻቸውን የተዉት ከዚያ ፍርድ ለመውጣት ሲሉ ነው። ሠዓሊው፣ እምነቱና መንደሩ ተነጣጥለው የማይቀርቡትም በአንድ ዘመን፣ በአንድ በትር አብረው ስለተመቱ ነው። ይህ የእኔ አነባበብ ነው፤ ሆኖም ፊልሞቹን በተሠሩበት ቅደም ተከተል የሚያይ ሰው ወደዚሁ ሐሳብ የሚደርስ ይመስለኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት፣ «የእኛ» ካልኋቸው በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ አድርጌ የምወስደው የሶቪየቱን ዘጋቢ ፊልም ሠሪ የዚጋ ቬርቶቭን «ግለት፦ የዶንባስ ሲምፎኒ» ነው። በ1930 ተሠርቶ ያለቀው ይህ ሥራ የመጀመሪያው የዩክሬን ድምፅ ያለው ፊልም ተብሎ ይታወቃል። ቬርቶቭ በሞስኮ ከነበረው ሥራው ከተሰናበተ በኋላ የዩክሬን የፊልም ድርጅት ተቀብሎት ነበርና ከባዱን የድምፅ መቅረጫ አስጭኖ ወደ ዶንባስ የከሰል ማዕድንና የብረት ማቅለጫ ወረደ። ፊልሙ ሲጀምር አንዲት ሴት የሬዲዮ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትታያለች፤ የደወልና የቅዳሴ ድምፅም ይሰማል። ምእመናን ያማትባሉ፣ ይሰግዳሉ፣ የስቅለቱን ምስል እግር ይሳለማሉ፤ በመሃል በመሃሉ ደግሞ የሰከሩ ሰዎች ሲንገዳገዱ ይገባሉ። ቆየት ብሎ ሕዝብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይጎርፋል፣ ቅዱሳት ሥዕላቱ ተግዘው ይወጣሉ፣ ከጉልላቱ ላይ መስቀሉ ተነቅሎ ኮከብ ይተከልበታል፣ ሕንፃውም የወጣት ሠራተኞች ክበብ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን «እነዚህ ሰዎች ኋላ ቀር ናቸው» የሚል ተራኪ የለም። ፍርዱን የሚሰጠው ቅንብሩ ነው፤ ስግደት ከስካር ጎን ሲቀመጥ ተመልካቹ ሳይነገረው ይፈርዳል። ስለዚህ ተራኪን ማስወጣት ብቻውን ሰውን ከፍርድ አያድንም። ምን ከምን ጎን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከትረካው በላይ ከባድ መሆኑን የኋለኞቹ የዩክሬን ዳይሬክተሮች የተማሩት ከዚህ ፊልም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬ ለሚያየው ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፤ ቬርቶቭ ለመሳለቂያ ያቀረባቸው የሚሰግዱ ሰዎች ፊታቸው ከቅንብሩ ኃይል በላይ ሆኖ ይታያል።

በዚያው ዓመት ኦሌክሳንደር ዶቭዠንኮ «ምድር» የተባለውን ልብ ወለድ ፊልሙን በፖልታቫ አካባቢ በምትገኘው ያሬስኪ መንደር ቀርጾ አቀረበ። የገበሬውን ፊት፣ የፖም ዛፉንና የእህሉን ማሳ እንደዚያ አድርጎ ያሳየ ከእርሱ በፊት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ያም ሆኖ ፊልሙ የሚደመደመው ካህን በሌለበት ቀብር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1932 እና በ1933፣ እነዚያው መንደሮች ዩክሬናውያን ሆሎዶሞር በሚሉት፣ እህላቸው በመንግሥት ተነጥቆ በመጣ ረሃብ ተመቱ፤ ሚሊዮኖችም አለቁ። ስለዚህ ረሃብ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአገሪቱ ስቱዲዮዎች ውስጥ መናገር አይቻልም ነበር። የዩክሬን መንደር በፊልም ሲታይ የሚሰማዎት ከባድ ዝምታ፣ ሰዎቹ በሳቁበት ትዕይንት እንኳ የማይለቀው፣ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

ከስታሊን ሞት በኋላ ለባሕላዊ ጥበብ በር ተከፈተ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ሰርጌይ ፓራጃኖቭ በኪየቭ ስቱዲዮ ተቀጥሮ ሳለ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ስለ ባሕላዊ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች «ወርቃማ እጆች» የሚል፣ ስለ ዱምካ መዘምራንና ስለ ተዋናይቷ ናታሊያ ኡዥቪም አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ሠርቷል። በዚያ ዘመን ስለ ጥበብ የሚሠሩ ፊልሞችን አጠቃላይ ልማድ ለመረዳት ሁለት ዕቃዎችን ብቻ ይመልከቱ። ፒሳንካ የሚባለው እንቁላል በቀለጠ ሰም ይነደፋል፣ በቀለም ይነከራል፣ እንደገና በሰም ይሸፈናል፣ እንደገና ይነከራል፤ መጨረሻ ላይ ሰሙ በሙቀት ሲጠረግ ከሥሩ የተደበቀው ቀለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ይህ እንደ ሕዝብ ጥበብ ይሞገስ ነበር፤ ሴትየዋ እንቁላሉን የምትነድፈው ለፋሲካ መሆኑ ግን አይነሳም። ሩሽኒክ የተባለው ጥልፍ ጨርቅም እንዲሁ ነው። የጥልፉ ውበት ይወደሳል፤ በገበሬው ቤት የክብር ማዕዘን ላይ ቅዱስ ሥዕል የሚለብሰው፣ ሙሽሮች የሚቆሙበት፣ የሬሳ ሣጥንም የሚወርድበት ጨርቅ መሆኑ ይታለፋል። ጥበቡ ከእምነቱ ተነጥሎ ሙዚየም ሲገባ የሚጎድለውን ነገር ዳይሬክተሮቹ ያውቁ ነበርና ቀስ በቀስ መልሰው ማገናኘት ጀመሩ።

ይህን በግልጽ የሠራው ፓራጃኖቭ ራሱ ነው፤ በ1965 በወጣው «የተረሱ አባቶች ጥላዎች» በተሰኘው ልብ ወለድ ፊልም። በካርፓቲያን ተራሮች፣ ክሪቮሪቭኒያ በምትባለው፣ ሁትሱል የሚባሉት የተራራ ሰዎች በሚኖሩባት መንደርና አካባቢዋ ሲቀረጽ የአገሬው ሰዎች በራሳቸው ልብስ፣ በራሳቸው ንግግር ገቡበት። ገና፣ ሠርግ፣ ለቅሶና ጥንቆላ ሁሉም አንድ ላይ አሉበት። ዘጋቢ ፊልም ባይሆንም የዩክሬን ዘጋቢ ፊልም ከእርሱ ብዙ ስለተማረ ሳያዩት ባያልፉ መልካም ነው። በኪየቭ «ኡክራይና» ሲኒማ በመስከረም 4 ቀን 1965 ሲመረቅ ሐያሲው ኢቫን ዲዙባ ተነሥቶ በዚያው ሰሞን የተፈጸመውን የምሁራን እስር ተቃወመ፤ ጋዜጠኛው ቪያቼስላቭ ቾርኖቪልና ባለቅኔው ቫሲል ስቱስም አብረውት ቆሙ። ስለ ተራራ መንደር የተሠራ ፊልም የፖለቲካ ክስተት የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄዎን ከሁሉ ይበልጥ በቀጥታ የሚመልሰው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው የቪክቶር ሽኩሪን «ስለ ሠዓሊው ሶናታ» ነው፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ በዩክሬን የዜናና ዘጋቢ ፊልም ስቱዲዮ የተሠራ። ባለታሪኩ ኢቫን ሆንቻር ቀራፂና ሠዓሊ ነው። በየመንደሩ እየዞረ፣ ሰው እንደ አሮጌ ዕቃ ሊጥለው ያዘጋጀውን ቅዱሳት ሥዕላት፣ ሩሽኒክ፣ ልብስ፣ ሸክላና የሙዚቃ መሣሪያ እየሰበሰበ በኪየቭ የሚኖርበትን ቤት ሙዚየም አደረገው። ያሰባሰባቸውን የድሮ የቤተሰብ ፎቶግራፎች ደግሞ በ18 ቅጽ አልበም አደራጅቷቸዋል። ሰው ወደዚያ ቤት ይጎርፍ ነበር፤ ይህም ባለሥልጣናቱን አስቆጣ። ፊልሙ ከሕዝብ እንዲርቅ ተደረገ፣ ሆንቻርም ለዓመታት በዓይነ ቁራኛ ተጠበቀ። ሰውየው በ1993 ሲያርፍ ስብስቡ የመንግሥት ሙዚየም ሆነ፤ ዛሬም በኪየቭ በስሙ ይጠራል። እዚህ ፊልም ላይ ሠዓሊውን ከመንደሩ፣ መንደሩን ከእምነቱ ልለይ ቢሉ ከየት ይጀምራሉ? የሠዓሊው ሥራ መንደሩን መሸከም ነው፤ ከተሸከመው ውስጥ ደግሞ ብዙው ለጸሎት የተሠራ ነው።

የቼርኖቢል አደጋ ከደረሰበት ከ1986 በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። የቮሎዲሚር ሼቭቼንኮ ቡድን አደጋው በደረሰበት ስፍራ የቀረጸው ፊልም ለዳይሬክተሩ የሕይወት ዋጋ አስከፍሏል፤ በ1987 ዐረፈ። በ1988 የኪየቭ ጥምቀት፣ ማለትም ሕዝቡ ክርስትናን የተቀበለበት፣ አንድ ሺህኛ ዓመት በይፋ ተከበረ፤ ከ1946 ጀምሮ በሕግ ተከልክላ በድብቅ ስትኖር የነበረችው የዩክሬን ግሪክ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1989 መጨረሻ እንደገና ልትመዘገብ ቻለች። ካሜራ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያለ ፍርሃት መቅረጽ የቻለው ከዚህ ወዲህ ነው።

ከዚህ ትውልድ በኋላ በእኔ ግምት ትልቁ ስም ሰርሂ ቡኮቭስኪ ነው። በ2006 «ስምህን ፊደል በፊደል ንገረኝ» በሚለው ፊልሙ በዩክሬን ስለ አለቁት አይሁድ፣ በ2008 ደግሞ «ሕያዋን» በሚለው ስለ ሆሎዶሞር ሠርቷል። በ«ሕያዋን» ውስጥ ከረሃቡ የተረፉ የመንደር ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ ቡኮቭስኪ ቶሎ አይቆርጥባቸውም። የሚያስታውሱበትን ጊዜ፣ ቃል አጥተው የሚቆዩበትን ጊዜ ጭምር ይተውላቸዋል። በ2020 ስለ ሙዚቃ ደራሲው ቫለንቲን ሲልቬስትሮቭ የሠራውንም እመክርዎታለሁ። ሲልቬስትሮቭ በወጣትነቱ አዲስ ስልት በመከተሉ በሶቪየት ሙዚቀኞች ማኅበር ዘንድ የተገፋ፣ ኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ መዝሙርና ወደ ጸሎት ያዘነበለ ሰው ነው፤ በ2014 ለኪየቭ አደባባይ ተቃዋሚዎች የጻፈው «ጸሎት ስለ ዩክሬን» ከ2022 ጀምሮ በዓለም መድረኮች ሁሉ ተሰምቷል። አንድን አርቲስት በፊልም ለማሳየት የሕይወት ታሪኩን ከመዘርዘር ይልቅ ሲያዳምጥ ማሳየት ምን ያህል እንደሚበቃ ከዚህ ፊልም ይረዱታል።

አሁን «በዓሉ የምን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ» ወዳሉት ልምጣ። ለዚህ የሚሆነው የዲሚትሮ ሱሆሊትኪ-ሶብቹክ «ክራስና ማላንካ» ነው፤ በ2013 የወጣ። ቦታው በቸርኒቭትሲ ክልል ከሩማንያ ድንበር አጠገብ የሚገኘው ክራስኖይልስክ ነው፤ ነዋሪዎቹ ክራስና ይሉታል፣ አብዛኛው ሰውም ሩማንያኛ ተናጋሪ ነው። ማላንካ በአሮጌው አቆጣጠር የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ማለትም ጥር 13 ሌሊት የሚጀመር የጭምብል በዓል ሲሆን ቀጥሎ ያለው ቀን የቅዱስ ባስልዮስ ነው። የሰፈር ወጣቶች በቡድን ተከፍለው ከቤት ቤት ይዞራሉ። የክራስና መለያው «ድብ» ነው፤ ገለባ በገመድ እየተጎነጎነ ከእግር እስከ ራስ ይጠቀለልና ሰውየው ከውስጡ መታየቱ ይቀራል፣ ልብሱ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ሰዎች ደግፈው ያለብሱታል። ፊልሙ አብዝቶ የሚቆየው በዝግጅቱ ላይ ነው፤ ገለባው ሲታሰር፣ ጭምብሉ ሲሠራ፣ ማን ምን ይሁን ተብሎ ሲከራከሩ። ዘጋቢው በዓሉን በቃል አይተረጉምም፤ ምን ያህል ድካም እንደሚያስከፍል ግን ያሳያል፣ ከዚያም አንድ መንደር ይህን ያህል የሚደክምለት ነገር ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ተመልካቹ ራሱ ይደርስበታል።

የቀን መቁጠሪያውን ማወቅ ለእኛ ይቀላል። የዩክሬን አብያተ ክርስቲያናት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዩልዮስ አቆጣጠር ይሄዱ ስለነበር ገናቸው ጥር 7፣ ጥምቀታቸው ጥር 19 ይውል ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ከእኛ ታኅሣሥ 29 እና ጥር 11 ጋር በአንድ ቀን ማለት ነው። ጥምቀትን ዮርዳን ይሉታል፤ በብርድ የረጋውን ወንዝ በመስቀል ቅርጽ ቆርጠው ውኃውን ይባርካሉ። በ2023 ግን ከሞስኮ ነጻ የሆነችው የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የግሪክ ካቶሊኳ ወደ አዲሱ አቆጣጠር ስለተሻገሩ ገና ታኅሣሥ 25 ሆኗል። ስለዚህ ፊልሙ ከዚያ በፊት የተቀረጸ ይሁን በኋላ ማጣራት ያስፈልጋል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አያትየዋ በአሮጌው፣ ልጆቹ በአዲሱ ሲያከብሩ ቢያዩ ግራ እንዳይገባዎት።

እምነት በጉልህ የማይታይባቸው፣ ግን መንደርን በሚገባ የሚያሳዩ ሁለት ፊልሞችም አሉ። የሮማን ቦንዳርቹክ «የዩክሬን ሸሪፎች» በ2015 በአምስተርዳሙ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ ሲሆን በኸርሶን ክልል ስታራ ዝቡሪቭካ መንደር ፖሊስ በቶሎ ስለማይደርስ ነዋሪዎቹ ሁለት ሰዎች ሰይመው ጸባቸውንና ስርቆታቸውን ሲያስዳኙ ያሳያል። ፊልሙ ሲጋመስ የክተት ወረቀት ወደ መንደሩ ይመጣል። በ2022 መንደሩ በሩሲያ ጦር ተያዘ፤ በፊልሙ ውስጥ የምናየው የመንደሩ ሊቀመንበርም ተወስዶ ስቃይ ተፈጽሞበታል። የኦሌክሳንደር ቴቺንስኪ «ዴልታ» ደግሞ በ2017 በዳኑብ ወንዝ አፍ፣ አሮጌውን ሥርዓት የያዙ ኦርቶዶክሶች በመሠረቷት በቪልኮቬ ዙሪያ ደንገል የሚያጭዱትንና ዓሣ የሚያጠምዱትን በጉም ውስጥ ይከተላል። ንግግር እጅግ ጥቂት ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከእነዚህ ጋር የናዲያ ፓርፋንን «የሙቀት ዘማሪዎች» ማየት ይቻላል፤ በ2019 የወጣው ይህ ፊልም በኢቫኖ-ፍራንኪቭስክ ከተማ ቤቶችን የሚያሞቀው ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር መዘምራን፣ በቀን የፈነዳ ቧንቧ ሲጠግኑ ውለው ማምሻውን የመንደር ዘፈን ሲያጠኑ ያሳያል። መንደር ወደ ከተማ ሲሄድ መጀመሪያ ይዞ የሚሄደው ዘፈኑን እንደሆነ ከዚህ በላይ ያሳየኝ ፊልም የለም።

ከየካቲት 2022 በኋላ የተሠሩትን አብዝተው እንዳዩ እገምታለሁ፤ በብዛት የሚገኙትም እነርሱ ናቸው። ወረራው በተጀመረ ማግሥት በኢቫንኪቭ የነበረው ሙዚየም ተቃጠለ፤ በዚያ ውስጥ በአቅራቢያዋ ቦሎትኒያ መንደር ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው የማሪያ ፕሪማቼንኮ ሥዕሎች ነበሩ፣ የአገሬው ሰዎችም ከእሳቱ ውስጥ ጥቂቱን አወጡ። ይህን ሳያስታውሱ ያለፉትን ዓመታት ፊልሞች ማንበብ ያስቸግራል፤ ዛሬ ሸክላ የሚነድፍ ወይም መዝሙር የሚቀርጽ ሰው ሊጠፋ የሚችል ነገር እየያዘ መሆኑን ያውቃል። በ2024 የወጣው «የሸክላ ጦርነት» በካርኪቭ ትንንሽ የፖርሰሊን እንስሳት እየሠሩ፣ እየቀቡ የሚኖሩ ባልና ሚስትን ያቀርባል፤ ባልየው የጦር ቡድን አባልም ነው። ብዙ የሚያምር ነገር አለው፤ ነገር ግን ትረካው ለውጭ ተመልካች ታስቦ አብዝቶ ስለሚያብራራ ከአገሪቱ ጥሩ ልማድ ይርቃል ባይ ነኝ። የኦልሃ ዡርባ «በዝግታ የምትነድ ምድር መዝሙሮች» በአንጻሩ የወታደር አስከሬን ወደ ቤቱ ሲመለስ በየመንገዱ ዳር የሚንበረከኩትን የመንደር ሰዎች ያለ አንዳች ማብራሪያ በረጅሙ ያሳያል። የሊትዌኒያዊው ማንታስ ክቬዳራቪቹስ «ማሪዩፖሊስ 2» ደግሞ በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉትን ይዟል። ሰዎቹ ፍርስራሹን ይጠርጋሉ፣ ደጅ ላይ በትልቅ ድስት ሾርባ ያበስላሉ፣ ፍንዳታ ይሰማል፣ እንደገና ይጠርጋሉ። ዳይሬክተሩ በዚያው ከተማ በ2022 ተገደለ፤ ቀረጻውን ይዛ የወጣችው እጮኛው ናት።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ መጀመሪያ «ግለት»ን ይዩ፤ ሙሉውን ካልቻሉ የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል እስኪያልቅ ድረስ። ቀጥሎ «የተረሱ አባቶች ጥላዎች»፣ ከዚያ «ስለ ሠዓሊው ሶናታ»፣ ከዚያ «ሕያዋን»። የአሁኖቹን ከዚህ በኋላ በፈለጉት ሥርዓት ይውሰዷቸው። የቆዩትን ለማግኘት በኪየቭ የሚገኘው የዶቭዠንኮ ማእከል የፊልም መዝገብ ቤት፣ ለአዲሶቹ ደግሞ ናዲያ ፓርፋን የመሠረተችው ታክፍሊክስ የተባለው የኢንተርኔት መድረክና ከ2003 ጀምሮ በኪየቭ የሚካሄደው ዶኩዴይስ ፌስቲቫል ይረዱዎታል። የትርጉም ጽሑፍ ሲመርጡ ዘፈኑና ቅዳሴው ተተርጉሞ እንደሆነ ያጣሩ፤ ንግግሩን ብቻ ተርጉመው መዝሙሩን የሚዘልሉ አሉ፣ እንዲህ ባሉ ፊልሞች ደግሞ ዋናው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ያለው በመዝሙሩ ውስጥ ነው። «ክራስና ማላንካ»ን ካዩ በኋላም የዚያኑ ዳይሬክተር «ፓምፊር» ያስከትሉ፤ በ2022 በካን የታየ ልብ ወለድ ሲሆን ያንኑ የጭምብል በዓል በኮንትሮባንድ ከሚተዳደር የአንድ ድንበር መንደር ቤተሰብ ታሪክ ጋር አያይዞታል።